ዘጠኝ ነጫጭ ድንጋዮች

ልደት የጫማ ካርቶኑን ከፍታ ደነገጠች። ትናንት አፈር ለብሰው የነበሩት ዘጠኝ ትንንሽ ድንጋዮች እንደ ጥርስ ነጥተዋል። በረኪና በረኪና ይሸታሉ።

«አየሻቸው?» አለች እናቷ ይመኙሻል፣ ካፉሪ ሰፈር ወደምታጸዳው ቤት ለመሄድ ጣርሓ ሻርፗን ራሷ ላይ እያስተካከለች። «በሽቦ ፈትጌያቸው ነው። አፈር የበላው ነገር ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ?» አውራ ጣቷ በጨርቅ ታስሯል። «ደግሞ ይቆርጣሉ! የሚገርመው በአንድ ጎን ብቻ ነው። የጎበጠው ጀርባቸው የዘጠኙም ደንዟል። ሆን ብሎ ያደነዘው ሰው አለ። ያላ፣ እንዳይረፍድብሽ!»

ልደት ካርቶኑን ከደነች። ድንጋዮቹን ያገኘቻቸው እዚሁ ጀሪፍ ሰፈራቸው፣ ጎረቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ከወጣው አፈር ውስጥ ነው። አስተማሪዋ የጥንት ቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ፣ የጥንት ዕቃ የምታጠናውን ኡስታዛ ጦይባን ለዛሬ ጋብዟል። «እንዳታጥቢያቸው፤ ከቀስቱ እንጨት ጋር ያያያዛቸው ሙጫ ይኖር ይሆናል» ብሏትም ነበር። ለእናቷ መንገሩን ረሳችው።

ትምህርት ቤት በር ላይ ጓደኛዋ ሀኒፋ ካርቶኑን አሽትታ ሳቀች። «ሹፊ፣ እዪማ! እናትሽ የጥንት ሰዎችንም ቤት አጸዳች!»

«አትሳቂ። ምን ይሻለኛል?»

«ጭቃ ቀቢያቸዋ። ወላሂ ማንም አያውቅም።»

ልደት ቧንቧው ሥር አፈር በውኃ ለወሰች። የመጀመሪያውን ድንጋይ ስታነሣ ደነዙ ጀርባ አውራ ጣቷ ላይ ልክክ አለ። ሁለተኛውም። ዘጠኙንም አገላብጣ አየች። ከዚያ ጭቃውን ትታ እጇን ታጥባ ገባች።

ኡስታዛ ጦይባ አጉሊ መነጽሯን ከማንሣቷ በፊት ካርቶኑን አሸተተች። «እነዚህን ማን አጠባቸው?»

ሀኒፋ ወለሉን ታያለች።

«እናቴ» አለች ልደት። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎላ። «ሥራዋ ቤት ማጽዳት ነው፤ እንዳታጥባቸው አልነገርኳትም። ግን ጀርባቸው ሆን ተብሎ እንደ ደነዘ ያወቀችው እሷ ናት። እኔም አየሁት። ጀርባው እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ ስለቱ ወደ ውጭ ይቀራል። አይደለም?»

ኡስታዛ አንዱን ድንጋይ አንሥታ ጀርባውን በአጉሊ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየችው። ሁለተኛውን አየች። ሁሉንም አየች።

«ሙጫው ጠፍቷል፤ ያሳዝናል» አለች በመጨረሻ። «ግን ጀርባውን በጥቂት በጥቂቱ ሸርፈውታል። ይህን የሠራው የሰው እጅ ነው። የቀስት ጫፍ ናቸው፣ ዘጠኙም። እናትሽ ማሻአላህ ጣቷ ያያል!»

ሀኒፋ ከሁሉም ቀድማ አጨበጨበች።

ኡስታዛ ከካርቶኑ ጋር የሚቀመጥ ወረቀት ለልደት ሰጠቻት። «ያገኘው» በሚለው ፊት ልደት የራሷን ስም ጻፈች። «መጀመሪያ የለየው» የሚለው ባዶ ነበር። ልደት ኡስታዛን ቀና ብላ አየቻት፤ ኡስታዛም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ልደት እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ ላይ እንደሚጻፈው፣ ስሙን እስከ አያት ሞላችው፦ ይመኙሻል ደመቀ ዓባይ።