ስምንት ጊዜ ጎፈር

መምህር ወንዳፍራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ከሚገኘው የኪራይ ቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። መርማሪው መቶ አለቃ አብተው ደረጃውን ወጥቶ ቤቱን ቃኘ። አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ። እሱም ጅማ ከተዛወረ አሥር ወሩ ነው፤ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለችው ክፍሉ ልክ እንደዚሁ ናት። ማንኪያዋን አንስቶ መልሶ አስቀመጣት።

ከሟቹ ኪስ አንድ ደብዳቤ አገኘ። የዚያኑ ዕለት ቀን ተጽፎበታል፤ ለሞስኮው ነጻ የትምህርት ዕድል ተማሪዬን ሐጂራን መርጫለሁ ይላል። አጥፎ ከራሱ ኪስ ከተተው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱብ ሲል ሰምቻለሁ» አሉ አከራይዋ እማማ ጣይቱ። «ጎረቤት የቡና ጆንያ ያራገፈ መስሎኝ! ምነው ወጥቼ ባየሁ!»

መምህሩ የሚያስተምሩት ለቡና ድርጅት ሠራተኞች መግቢያ ስታትስቲክስ ነበር። ቁጥሩ ሲበዛ ተማሪው አንድ በአንድ ሾልኮ፣ የቀሩት ሐጂራ፣ ከፈለና ሰናይት ብቻ ናቸው። የቅዳሜው የቤት ሥራቸው ደግሞ ጉድ ነው፤ ቤት ቁጭ ብሎ ሳንቲም ሦስት መቶ ጊዜ መወርወር፣ የወጣውን በተራ መጻፍ። አንበሳው ያለበት ጎፈር፣ ጀርባው ዘውድ። ዘውዱ ከሳንቲሙም ከዙፋኑም ከወረደ ስንት ዓመቱ፤ የሰው አፍ ግን መች ይለቃል!

ሰናይት ሳንቲሟን የወረወረችው እህቷ ፊት ነው፤ እህቷም መሰከረች። ሐጂራን ግን ከመምህሩ ቤት ስትወጣ ያዩ ሰዎች ነበሩ።

«ምሳ አድርሼላቸው በሰባት ሰዓት ተመለስኩ» አለች። «ብቻቸውን ሲበሉ አንጀቴን ይበሉኛል። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ቤቴ ስወረውር ነበር።»

«ማን አየሽ?»

«አላህ።»

ካድሬው ጓድ ቱሉ ደብተሯን ነጠቃት። «ተመልከት ጓድ መቶ አለቃ! ስምንት ጊዜ በተከታታይ ጎፈር! ለመዋሸት እንኳ ሰንፋለች። ‹ዘውድ› ብላም ጽፋለች፣ አድኃሪ! ሰኞ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ትላካለች።»

በዚያ ዘመን ለምርመራ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። ሐጂራ ከስምንቱ ጎፈር ጎን በእርሳስ «ወላሂ እውነት ነው!» ብላ ጽፋ ነበር። አብተው ጽሕፈቱን ደጋግሞ አየው።

ከፈለም ብቻዬን ቤቴ ስወረውር ነበር አለ፤ የእሱ ደብተር ግን ጥንቅቅ ያለ ነው። ዘውድና ጎፈር ተሰበጣጥረው ተደርድረዋል።

«ሐጂራና መምህሩ ተጣልተው ያውቃሉ?» አለው አብተው።

«ምን ያጣላቸዋል? የሞስኮውን ዕድል እንደሆነ ለሷ ሰጥተዋታል። የሰው ነገር አይታወቅም እንጂ።»

አብተው ቀና ሳይል መጻፉን ቀጠለ።

እሑድ ዝናብ ሲጥል ዋለ። አብተው በሩን ዘግቶ የመምህሩን የማስተማሪያ ማስታወሻ አነበበ። «ሳንቲም ትናንቱን አያስታውስም» ይላል አንዱ ገጽ። «ከልቡ ፈጥሮ የሚጽፍ ተማሪ ግን አራተኛውን ይፈራል።» አሥር ሳንቲም አወጣና መወርወር ጀመረ። መቶ ሲያልፍ ጎፈር ወጣ፤ ደገመ፤ ሰለሰ፤ ሰባት ጊዜ ተከታተለ! ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ። የሚያሳየው ሰው አልነበረም። ሦስት መቶውን ግን ጨረሰ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ፖሊስ ጣቢያው ተሰበሰቡ። መኪናው ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ሐጂራን ይጠብቃል።

«ሐጂራ ስምንት ጊዜ ተከታታይ አላት» አለ አብተው። «ሰናይት ስድስት፣ እኔም ትናንት ሦስት መቶውን ወርውሬ ሰባት። ከፈለ ግን ከሦስት አያልፍም፤ በሦስት መቶው ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ! ሦስት ሲሞላበት ‹ማን ያምነኛል› ብሎ ይቀይራል። ሳንቲም ይሉኝታ የለውም፤ ይሉኝታ የሰው ነው። ይህ ልጅ አልወረወረም፤ ቁጭ ብሎ ፈጠረ።»

«ሰው በሳንቲም ይታሰራል እንዴ?» አለ ጓድ ቱሉ።

«አይታሰርም። ሳንቲሙ የነገረኝ ቤቱ ሲወረውር እንዳልነበረ ነው። የት እንደነበረ ግን ራሱ ነገረኝ።» ደብዳቤውን ዘረጋ። «ቅዳሜ ዕለት ተጽፎ ከሟቹ ኪስ የወጣ ነው። ሐጂራ፣ መመረጥሽን ታውቂ ነበር?»

«እኔ?» አለች፤ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ያ ረቢ! አንድ ቃል አልነገሩኝም።»

«ለእሷ ያልነገሩትን አንተ ከየት ሰማህ፣ ከፈለ?»

ከፈለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለመንኳቸው። ‹አለቀ› ብለው ደብዳቤውን አሳዩኝ። ደረጃው አናት ላይ እጃቸውን ብይዝ መንጭቀው አስለቀቁኝ፤ በንዴት ገፋኋቸው። መግደል አላሰብኩም… ደብተሩን ከዚያ በኋላ ቤቴ ገብቼ ሞላሁት።»

መኪናው ሞተሩን አጠፋ። ጓድ ቱሉ ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ።

ሐጂራ ደብዳቤዋን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «መቶ አለቃ፣ ሰባቱን ካገኙ በኋላ ማቆም ይችሉ ነበር። ለምን ሦስት መቶውን ጨረሱ?»

አብተው ሳንቲሙን ከኪሱ አውጥቶ አየው።

«እሑድ ረዥም ነው» አላት።