ሙጂብ ሊፈታት የፈለገበት ሰሞን

ሙጂብ ኑርሃንን ሊፈታት የፈለገው ጠልቷት አይደለም። ሲወዳትማ ለጉድ ነው! ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ሚኒባስ ውስጥ ላጥወለወላት ልጅ የመስኮት ወንበሩን ለቆላት፣ ሸዋ ሮቢት እስኪደርሱ ዓይኑን ከእሷ መንቀል ያቃተው ሰው ነው። ኒካህ አስረው በሃይማኖታቸው ባልና ሚስት ሆኑ። ሠርጉ ማሾ ሲሰበሰብ ሊሆን ተቀጠረ።

ከሠርጉ በፊት ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኘ።

ታላቅ ወንድሙን አብዱልሀኪምን የገደለውም ይኸው በሽታ ነበር። ሙጂብን ግን ከወንድሙ ሞት ይበልጥ የሚያባንነው የወንድሙ ሚስት የሙሚና ፊት ነው። ዒዳ ገብታ፣ የባሏን ሐዘን ይዛ ከቤት ሳትወጣ ስትቀመጥ፣ ውሃ የሚያቀብላት እሱ ነበር። በሩን ገፋ ሲያደርግ ከጨለማው ውስጥ ቀና ብላ ታየዋለች። አሁን አሁን በሕልሙ ያንኑ በር ሲገፋ ቀና የምትለው ኑርሃን ሆናለች።

ለሕክምና ህንድ ሄደ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ከብሽሽቱ በደም ሥሩ ቀጭን ቱቦ ሰደው ወደ ዕጢው የሚወስደውን መንገድ አጠኑ። ጨረር ያዘሉትን ደቃቅ ቅንጣቶች የሚያስገቡት በሌላ ቀን ነው ተባለ። በመካከሉ ለኑርሃን ደወለላት።

«ልፍታሽ» አላት። «ገና ቤቴ አልገባሽም፤ ከፈታሁሽ ዒዳ የለብሽም። ሚስቴ ሆነሽ ብሞት ግን እንደ ሙሚና...»

ስልኩን ዘጋችበት። ደግሞ ደወለ፤ ደግሞ ዘጋችበት።

በማግስቱ ኑርሃን ሙሚናን ፍለጋ ሄደች። ሙሚና ማሾ እየለቀመች ነበር።

«እትዬ ሙሚና፣ ያኔ ዒዳ ሲቀመጡ እንዴት ቻሉት?»

ሙሚና እጇ ቆመ። «ሰዉ ቀብሮት ወደ ገበያው ተመለሰ፤ እኔ ብቻ እሱን ይዤ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ያ ባይኖር አብድ ነበር። የከበደኝስ ዒዳው ሲያልቅ ነው፣ ልጄ።»

ሙጂብ የሕክምናው ዕለት እንደነቃ፣ እንዳይንቀሳቀስ ታዞ በጀርባው ተጋድሟል። እንደ ሕልሙ አንዲት ሴት ጥግ ላይ የተቀመጠች መሰለው። «ፈትቻታለሁ» ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣለትም።

ከስቶ ተመለሰ። ምግብ ያስጠላዋል፤ ትንሽ ሲራመድ ይደክመዋል። ጨረሩ እስኪቀንስ ሰው እንዳይጠጋ፣ ብቻውን እንዲተኛ ታዟል። ነፍሰ ጡር እህቱ መሊካ ለዚሁ ብላ ካራቆሬ ዘመድ ቤት ሰነበተች። ኑርሃን መጥታ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀመጠች፤ እሱ በረንዳው ላይ።

«ዳንክ?»

«አላህ ያውቃል። ከወራት በኋላ እንደገና ያዩታል። ኑርሃን፣ አሁን እንኳ ስሚኝ...»

«ልትፈታኝ ከሆነ ቀርበህ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ ፍታኝ።»

«መጠጋት ተከልክያለሁ እኮ!»

«እንግዲያው አፍህንም ሰብስብ።»

ሳቀ፤ ሲስቅ ጎኑን ወጋው። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ብሞትስ?»

«ብትሞት እቀመጥልሃለሁ። ሙሚናን ጠይቄያታለሁ፤ አንተ ግን ውሃ ስታቀብላት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅካትም። ላዝንልሽ ብለህ ሐዘኔን አትቀማኝ፣ ሙጂብ። እሱም የኔ ነው።»

ሙጂብ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ኑርሃን ልትነሳ ብላ ትእዛዙ ትዝ አላትና ባለችበት ቀረች። እሷም አለቀሰች።

ክልከላው ያበቃው ጁምዓ ዕለት ነው። ከሶላት ሲመለስ ኑርሃን ፍራሿን በባጃጅ አስጭና መጥታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጠበቀችው። ሠርግ የለ፣ ሚዜ የለ። በሩን ገፋ ሲያደርግ ቀና ብላ አየችው፤ ሕልሙ መጣበትና ደፉ ላይ ቆመ።

«አትፈሪም?» አላት።

«በጣም እፈራለሁ» አለችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።