ክብ ውስጥ ያለች ነጥብ

ስካውቷ ልጅ በስካውት ምክር ቤቱ አዲስ ክፍል ውስጥ ወንበሮቹን ገና ወልውላ ሳትጨርስ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ገቡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሷል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ለስካውቶች የገመድ አስተሳሰር ያስተማሩ ስለሆኑ ሰው ሁሉ «አባ ቋጠሮ» ነው የሚላቸው። የስካውት መሪው ተሯሩጦ ደግፎ አስቀመጣቸውና የት እንደዋሉ ጠየቃቸው።

አባ ቋጠሮ ውሃ ከጠጡ በኋላ እየሳቁ ነገሩት። ጠዋት በቀጥታ የሄዱት ምክር ቤቱ እስካለፈው ሳምንት ወደነበረበት ባለመስታወት ሕንፃ ነው። ደጁ ላይ ግን በጠመኔ የተሳለ ክብና መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ አገኙ። በስካውት የመንገድ ምልክት ይህ ማለት «ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ» ነው። እሳቸው ደግሞ ምልክት አይተው የሚጠራጠሩ ሰው አይደሉም። ምክር ቤቱ ወደ ድሮ ቤቱ ተመልሷል ብለው፣ በዚያ በሚያማቸው እግር፣ ስታዲየሙ ሥር ወዳለው ክፍል ወረዱ። ጎማ መጠገኛ ሆኗል። ከዚያ በፊት ወደነበረበት የትምህርት ቤት መጋዘን ሄዱ፤ ተቆልፏል። ከሁሉም በፊት የነበረችው ፖስታ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ደግሞ ፈርሳለች።

«በቃ አለቀልን ብዬ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ እንጂ» አሉ። አንዲት ሻርፕ ያሰረች ትንሽ ስካውት አግኝታ አዲሱን ቦታ ባታሳያቸው ኖሮ እዚያው ይመሽባቸው ነበር።

ልጅቷ ጨርቁን ይዛ ደርቃ ቀረች። የሕንፃው ባለቤት ወረቀት መለጠፍ ስለከለከለ መሪው ጠመኔ ሰጥቶ ወደ አዲሱ ክፍል የሚያመለክት ቀስት እንድትስል የላከው እሷን ነበር። ለክፍል ጓደኛዋ ግን «ቢሯችን በሊፍት ነው የሚወጣው» ብላ ጉራዋን ስትነዛ ከርማለች፤ ጓደኛዋም መጥቼ እመዘገባለሁ ብላ ነበር። ቀስቱን ተከትላ ብትመጣ የምታገኘው ይህን ነው፦ በአቧራማ መንገድ የሚገባበት፣ የወፍጮ ቤት ጎረቤት፣ ጠዋት የተወለወለው ከሰዓት ዱቄት የሚለብስ አንድ ክፍል። ስለዚህ በቀስቱ ፋንታ ነጥብ ያለበት ክብ ሳለች። ጓደኛዬ ትርጉሙን ስለማታውቅ ዝም ብላ ትመለሳለች አለች በልቧ። ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ይመጣል ብላ ለአፍታም አላሰበችም።

መሪው ተናደደ። ትንንሾቹ ስካውቶች ናቸው እንዲህ የሚቀልዱት፣ ቅዳሜ ከጉዞው ይቀሩና ልብ ይገዛሉ አለ።

የልጅቷ ጆሮ ጋለ። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም።

«እኔ ነኝ የሳልኩት» አለች።

መሪው ዞሮ አያትና ፊቱ ወዲያው ረገበ። «ተምታቶብሽ ነዋ። ያጋጥማል።»

«ተዋት በል፣ ልጄ» አሉ አባ ቋጠሮ። «እኔ እንደሆነ ገመድ እንጂ ቂም አልቋጥርም።»

ሁለቱም ሳቁ። የቀራት አንድ «አዎ» ብቻ ነበረች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሽማግሌው ግን ጎንበስ ብለው ቁርጭምጭሚታቸውን ያሻሉ። አብጧል። ያንን እያየች «አዎ» ማለት አቃታት።

«አልተምታታብኝም» አለች። «ሆን ብዬ ነው። ጓደኛዬ ይህን ቤት እንዳታየው ብዬ ነው። አፈርኩበት።»

መሪው ከሥራ ሲወጣ እየመጣ፣ ለብቻው መሰላል ላይ ወጥቶ የቀባውን ግድግዳ ቀና ብሎ አየው። የተቆጣ አይመስልም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በሩ ክፍት ነው፤ ሮጦ መውጣት ይቻላል። አልወጣችም። እሱ ዞሮ እስኪያናግራት ድረስ ባለችበት ቆመች።