ቦርሳ ውስጥ የተሰፋ ማተብ

ሰኞ ማለዳ እማሆይ ወለተ ትንሣኤ ኪዳን አስደርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ እናናን ወድቃ አገኟት። ሌሊቱን ከምድረ በዳ የተነሣው ነፋስ ኢየሩሳሌምን በሙሉ ቢጫ አቧራ አልብሷት ነበር። እናና በዚያ አቧራ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ እግሯ ባዶ ነው። እማሆይ አልጮኹም። ነጠላቸውን አውልቀው አለበሷትና ፖሊስ እስኪመጣ አጠገቧ ተቀምጠው ዳዊት ደገሙላት። ሌላ የሚያለቅስላት ሰው አልነበረም።

ፖሊሶቹ ነገሩን ለመቋጨት ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ሟቿ ያገለገሉ የዲዛይነር ቦርሳዎችን በኢንተርኔት የምትሸጥ፣ ባልም ልጅም የሌላት ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ገዢ «የሸጠችልኝ ቦርሳ ሐሰተኛ ነው፤ ሴትዮዋ ሌባ ናት» ብላ በገጿ ላይ ጻፈችባት፤ ቦርሳውም እሑድ ተመልሶ መጣላት። አሁን ያው ቦርሳ ከጫማዋ ጋር ጎን ለጎን፣ ከምትኖርበት ቤት ጣራ ላይ ተገኘ። ስልኳ አብሯት ወድቆ ተሰባብሯል። «በሐፍረት ራሷን አጠፋች» ብለው ጻፉ።

መርማሪ ፈጠነ ሲደርስ ሊያነሧት ነበር። ለዚህ ሰው ስም ያወጣለት ሳይሳሳት አልቀረም፤ ፈጠነ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ቀስ ብሎ የሚጠይቅ፣ ባልደረቦቹን ከምሳ ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ ሰሜን የሚኖረው ልጁ ዓርብ ዓርብ ይደውልለታል። ስለዚህ ወደ ቤት የሚያስቸኩለው ነገር የለም። የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ የእናናን ውስጥ እግር ለረዥም ጊዜ ተመለከተ። አሁን ከመታጠቢያ የወጣ ያህል ንጹሕ ነበር።

እማሆይን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አገኛቸው። ሰማያዊ የሐር ክር እየገመዱ ነበር፤ ለተሳላሚዎች የሚሰጥ ማተብ።

«ልጄ፣ አባ ቄርሎስ ፍትሐት አይደረግላትም ብለዋል» አሉት። «ራሱን ለገደለ ሰው በሕጉ ጸሎት የለም። ቀብሯ ነገ ከቀትር በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ከዚህ ደጅ ሳትጠፋ ኖራ፣ ያለ ጸሎት አፈር ልትገባ ነው።»

«እማሆይ፣ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። ስለ ፍትሐት ምን አውቃለሁ?»

«ፍትሐቱን ለእኛ ተወው። አንተ እውነቱን አምጣልኝ።»

ፈጠነ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «ይህን ንግድ እንዴት ጀመረችው?»

«ቤት ታጸዳላቸው የነበሩ ሴትዮ አሮጌ ቦርሳ ሰጧት። ሸጠችው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ከሰው ጋር የምትነጋገረው በዚያው ስልክ ነበር። ‹እማሆይ፣ ዛሬ አንዷ ገዢ እንዴት አደርሽ አለችኝ› ብላ ደስ ብሏት ትመጣለች።» እማሆይ ሦስተኛውን ፈትል ከሁለቱ ጋር አገናኙ። «ፎቶ የምታነሣው ጣራው ላይ ነው፤ ለብርሃኑ። አንድ ነጭ አንሶላ አላት፤ እንዳይቆሽሽባት ጫማዋን አውልቃ ነው የምትወጣበት።»

«ሐሰተኛ ትሸጥ ነበር?»

«እሷ? ይኸውልህ፣ ከዚህ ክር ቁራጭ እየወሰደች በምትሸጠው ቦርሳ ሁሉ፣ በውስጥ ኪሱ ሥር ትሰፋው ነበር። ቢመለስባት የራሷ መሆኑን እንድትለይበት። ሳይበጠስ አይወጣም። ይህን የምናውቅ እሷና እኔ ነን።»

«በተመለሰው ቦርሳ ኪስ ሥር ሰማያዊ ክር አለ» አለ ፈጠነ።

የእማሆይ እጅ ቆመ። «እንግዲያው ሐሰተኛውን የሸጠችው ራሷ ናት ማለት ነው?»

«ለጊዜው ክሩ እንደዚያ ይላል።» ፈጠነ ወደ እጃቸው እያየ ሌላ ነገር ጠየቀ። «ሁልጊዜ በሦስት ነው የሚገምዱት?»

«አንዱ ለአብ፣ አንዱ ለወልድ፣ አንዱ ለመንፈስ ቅዱስ። በአርባ ዓመት ምንኩስናዬ አንድ ፈትል አጉድዬ አላውቅም።»

የቤቱ ባለቤት ዚቫ የምትባል፣ ከዘራ የያዘች አሮጊት ናት። ቤቱን አድሳ ለቱሪስት ልታከራይ ፈልጋ፣ እናናን ልቀቂ ካለቻት ስድስት ወር ሆኗታል። ይህንኑ ሳትጠየቅ በዕብራይስጥ ተናገረች፤ መደበቅ የማትወድ ሴት ነበረች።

«ጉልበቴን በቀዶ ሕክምና ከታከምሁ ወዲህ ጣራ አልወጣሁም። ዛሬ ግን ከራስጌዬ ላይ ስትጠርግ ሰማኋት። ቀጥሎ ስታወራ።»

«ከማን ጋር?»

«የእሷን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት፤ በአማርኛ። ከራሷ ጋር ታወራለች ብዬ ተውሁት። ብዙ ጊዜ ታወራ ነበር።» ዚቫ መሬት መሬት አየች። «አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ ምን ሆንሽ አላልኋትም።»

ጣራው ላይ የፖሊሶቹ ጫማ አቧራውን አተራምሶታል። ጫማዋና ቦርሳው ከነበሩበት አጠገብ፣ ከጉልበት የማይበልጠውን የጣራ አጥር ተከትሎ፣ አንድ አንሶላ የሚያህል ቦታ ተጠርጓል። መጥረጊያው ግድግዳ ተደግፏል። ፈጠነ የተጠረገውን ድንጋይ በመዳፉ ዳበሰ፤ መዳፉ ቢጫ ሆነ። አንሶላውን በጣራውም፣ በእናና ክፍልም ፈልጎ አጣው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ ነበር። ፈጠነ የራሱን ቤት ያየ መሰለውና ቶሎ ወጣ።

ኤራን ከገበያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ አለው። ቆዳ ይጠግናል፤ የእናናን ጨምሮ የሚሸጡ ቦርሳዎችን እየመረመረም «ኦርጅናል ነው» የሚል ወረቀት ይሰጣል። በሕፃንነቱ ከጎንደር የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ አንደበቱ ለስላሳ ሰው ነው። ከጀርባው በሰም የታሸ የስፌት ክር በየቀለሙ ተደርድሯል።

«እንደ እናቴ ነበረች» አለ። «ዓርብ ዓርብ ዳቦ ታመጣልኛለች። እኔ ግን ቤቷ ሄጄ አላውቅም፤ ሥራ አይለቀኝም።»

«ቦርሳውን አንተ ነህ የመረመርኸው?»

«መርምሬ፣ ፈርሜ፣ እዚሁ አሽጌ ለገዢዋ ላክሁት። የእኔ ማሸጊያ ሳይቀደድ አይከፈትም ጋሼ፤ ጉንዳን አይገባበትም። ግን እንዲያ የረቀቀ ፌክ አይቼ አላውቅም፤ እኔንም አታለለኝ። ያመጣችው እሷ ናት እንግዲህ። ምልክቷም ውስጡ አለ አይደል?»

«አለ» አለ ፈጠነ፤ አመስግኖም ወጣ።

ገዢዋ ሃዳስ ናት፤ እዚሁ አገር የተወለደች፣ አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተቀላቀለ ወጣት ነርስ። ከሆስፒታሉ ደጅ ቆማ ስታለቅስ አገኛት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኋት። ሌባ ብዬ ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ፣ አላነሣሁም። በእመት፣ በእውነት፣ ኦርጅናል መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ሱቅ ሳሳየው ዚዩፍ ነው፣ ሐሰተኛ ነው አሉኝ።»

«አንቺ ለውጠሽ የመለስሽው እንደሆነስ?»

ስልኳን አወጣች። «ስከፍተው ቀርጬዋለሁ። ሁሉም ሰው ዕቃ ሲመጣለት ይቀርጻል፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ነው።»

ፈጠነ ቀረጻውን አየ። የኤራን ማሸጊያ ሳይነካ ይታያል፤ ሃዳስ ትቀደዋለች፤ ቦርሳውን ታወጣለች፤ የውስጥ ኪሱን ትገለብጣለች። እዚያ ላይ አስቆመውና ምስሉን አጎላው። ከዚያ ሃዳስን ነገ ጠዋት እንድትመጣ ነገራት።

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉንም ጣራው ላይ ሰበሰባቸው። ፈጠነ ቀድሞ ወጥቶ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ጠርጎት ነበር። ዚቫ ደረጃውን ለመውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ እያንዳንዱን ደረጃ በየተራ ረገመችው። እማሆይ ደረጃው አፍ ላይ ቀሩ። አባ ቄርሎስ «እውነት ካለ እሰማለሁ፤ ሕጉን ግን አላጥፍም» ብለው ነበር የመጡት።

«ወደዚህ ቅረቡ» አለ ፈጠነ ከአጥሩ ጥግ ሆኖ። ሃዳስ በቀጥታ መጣች። አባ ቄርሎስም እንዲሁ። ኤራን ግድግዳውን ታኮ ዞሮ መጣ።

«ከእግሯ ልጀምር» አለ። «እናና ስትወድቅ ባዶ እግሯን ነበረች። ከጫማዋ እስከ አጥሩ ያለውን ቦታ ጠርጋዋለች፤ ግን ተጠርጎም መዳፌን ቢጫ አደረገው። የእሷ ውስጥ እግር ንጹሕ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን አልረገጠችም፤ ከእግሯ ሥር ጨርቅ ነበር። ፎቶ የምታነሣበት አንሶላ ነው። ሊሞት የተነሣ ሰው ጣራ ጠርጎ አንሶላ አያነጥፍም። ሥራ ላይ ነበረች።»

«አንሶላው የታለ?» አሉ አባ ቄርሎስ።

«ጥያቄው እሱ ነው። ሙታን አንሶላ አያጥፉም። የወሰደው ሌላ ሰው ነው፤ የወሰደውም ጫማው ስላረፈበት ነው። አቧራ ላይ ያለ ዱካ በእግር ይደመሰሳል፤ ነጭ አንሶላ ላይ ያለው ግን ይዘውት ካልሄዱ አይጠፋም። እመት ዚቫ እናና ከራሷ ጋር የምታወራ መስሏቸው ነበር። ታወራ የነበረው ከገዳይዋ ጋር ነው።»

ዚቫ በዕብራይስጥ ሲነገራት አፏን በእጇ ያዘች። ፈጠነ ቦርሳውን ከፍቶ ለእማሆይ አቀበላቸው። «በዓይንዎ አይዩት። በጣትዎ ይንኩልኝ።»

እማሆይ ጣታቸውን ወደ ኪሱ ሥር ሰደዱ። ክሩን አሻሹት። «ይህ ሁለት ፈትል ነው» አሉ። «ሰምም ተቀብቷል። የእኔ አይደለም።»

«ሐሰተኛውን ቦርሳ የሠራ ሰው ምልክቱንም አስመስሎ ሠራው። ቀለሙን አይቷል፤ ማተብ መሆኑን ግን አላወቀም። ለእሱ ክር ክር ነው። በሃዳስ ቀረጻ ላይ ማሸጊያው እንደተቀደደ ይኸው ባለ ሰሙ ክር ያብለጨልጫል። እንግዲህ ቦርሳው የተለወጠው ከመታሸጉ በፊት ነው። ማሸጊያው ውስጥ ጉንዳን እንደማይገባ የነገረኝ ደግሞ ባለቤቱ ነው። ሁለት ሴቶች ብቻ የሚያውቁትንም ምልክት ሳልጠይቀው አነሣልኝ።»

ሁሉም ወደ ኤራን ዞሩ።

«ስመረምር አይቼው ነው» አለ ኤራን። «ሊያታልለኝ የፈለገ ሌላ ሰው ቢሆንስ? እኔ እዚህ ቤት መጥቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዞርህ?»

«ምኑን?»

«ሃዳስ በቀጥታ መጣች፤ አባም በቀጥታ መጡ። አንተ ምንም በሌለበት ወለል ላይ አንድ አንሶላ የሚያህል ቦታ ዞረህ መጣህ። ጣራውን በሙሉ ጠርጌዋለሁ፤ የት ተነጥፎ እንደነበረ አሁን አይታይም። ለማየት ትናንት እዚህ መቆም ያስፈልጋል። ባልደረቦቼ ሱቅህን እየፈተሹ ነው።»

ኤራን ወለሉን አየ፤ እግሩንም አየ። ሲናገር ድምፁ የልጅ ሆነ።

«ልትከሰኝ አይደለም የጠራችኝ። ‹ልጄ፣ ገዢዋ ቦርሳውን ለውጣብኛለች፣ ይህን ክር ተመልከትልኝ› ብላ ነው። በጣቷ አሻሸችው። ጣቷን አሸተተችው። ሰሙ ሱቄን ሱቄን ይሸታል፤ ታውቀዋለች። ቀና ብላ አየችኝና ክንዴን ያዘች። ‹ንገረኝ፣ አልቆጣህም› አለችኝ። የሌሎች ሰዎችን ቦርሳም ለውጬ ነበር። እንዳይወጣብኝ ፈራሁ፤ ገፋኋት።»

«አልቆጣህም ብላህ ነው?» አሉ እማሆይ። ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው አለቀሱ።

ከቀትር በፊት እውነተኛው ቦርሳና ያልታጠበው አንሶላ ከኤራን ሱቅ ተገኙ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው በአንድ ቀን ጠራ፤ ለእናና ግን ዘግይቷል። አባ ቄርሎስ ከደረጃው ሲወርዱ እማሆይን «ክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ወለተ መንፈስ ቅዱስ» አሉ እማሆይ። «ፍትሐቱ ይደረጋል ማለት ነው?»

«ሙሉው ይደረጋል።»

ሃዳስ ሌባ ብላ የጻፈችውን አጠፋች፤ በምትኩም የሆነውን ሁሉ በስሟ ፈርማ ጻፈች። እሱም አልበቃት ብሎ ወደ ቀብሩ መጣች። ነጠላ ስለሌላት የሆስፒታል ሻርፕ ነበር ያደረገችው። ፈጠነ ከግቢው በር አልፎ አልገባም፤ ሥራዬ አልቋል እያለ፣ ሳይሄድም ቆሞ ጸሎቱን ከውጭ ሰማ። ግእዙን አያውቅም። ስሟ ሲጠራ ግን ለየው።

ቀብሩ አብቅቶ ሰዉ ሲወጣ አንድ ችግር ተፈጠረ። ለቀስተኞቹ መነኮሳትና ጥቂት የሰፈር ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ ይፈልጋሉ፤ የሚደርሱለት ዘመድ ግን የለም። ወዲህ ወዲያ ተያዩ። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ከበሩ አጠገብ ብቻውን የቆመውን ረዥም ሰው አዩና ወንድሟ ነው ብለው ገመቱ። ቀርበውም እጁን ያዙ።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ።»

ፈጠነ «እኔ ፖሊስ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ሽማግሌው እየጠበቁ ነበር፤ ከኋላቸውም ሰው ተሰልፏል። ሚስቱ የሞተች ጊዜ ይህን ቃል የሰማው በሰባቱ የሐዘን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ሰው የለም።

«አሜን» አለ፤ ጎንበስ ብሎም እጅ ነሣ።

ሁለተኛው መጡ፤ ሦስተኛው መጡ። ሃዳስ ቀስ ብላ መጥታ ከጎኑ ቆመች። የሚባለውን ስላላወቀች እሱ የሚለውን እየሰማች «አሜን» አለች። ሰልፉ እስኪያልቅ ሁለቱ የእናናን ሐዘን ተቀበሉ።