የአምፖል ኩባያዎች

ልጁ ተኝቶ ሞተ ቢሉ ውሸት ነው። መተኛት እንዳማረው ነው የሞተው። ዓይኑን በጥቁር ሻርፕ አስሯል፣ ጆሮዎቹን በጥጥ ደፍኗል፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቧል፤ ሁለት እጆቹ ግን ደረቱ ላይ ካናቴራውን ጨምድደው እንደያዙ ደርቀዋል። በተማሪዎቹ ማደሪያ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራ አልነበረም። «አምፖል» ነበር የሚሉት፤ ማንም ያልገባውን ትምህርት እሱ ሲያስረዳው ጨለማ ቤት መብራት ይገባል እየተባለ።

መርማሪዋ የደረሰችው የማለዳው ዝናብ ካባራ በኋላ ነው። ሃምሳን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃ ስትወጣ ደረጃውን የምትረግም ሴት ናት። ባልደረቦቿ «እትዬ መርፌ» ይሏታል፤ ጥያቄዋ ሲገባ አይሰማም፣ የሚያመው ሲወጣ ነው። የማደሪያው ኃላፊ ገና ደረጃው ላይ ተቀብሏት ጉዳዩን ዘግቶ ጨረሰው።

«ራሱን ነው ያጠፋው። ልጆቹ እንቅልፍ የሚያባርሩበት የካፌይን ዱቄት ብልቃጥ ባዶውን ትራሱ ሥር ተገኝቷል። ፈተናው ዛሬ ከሰዓት ስለሆነ፣ ልጆቹ ሳይረበሹ ብንጨርሰው ጥሩ ነው።»

«ሥራዬ እንዲህ ቀላል መሆኑን ማን ደብቆኝ ኖረ» አለችና አልፋው ገባች።

አራት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም የትምህርት መጽሐፍ በምላጭ ለአራት ተቆርጦ ተቀምጧል። ኃላፊው እንዳስረዳት የክፍሉ ልጆች አጠናን እንዲህ ነው፤ መጽሐፉን ይካፈሉታል፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ቁራጭ ያነብና ፈተናው ሲቃረብ ለሦስቱ ያስረዳል። አንዱ ከተኛ የሚጎድለው የእሱ ብቻ አይደለም፣ የአራቱም ነው። ወፍራሙና ከባዱ ቁራጭ የአምፖል ድርሻ ነበር።

ራስጌው አጠገብ ወለሉ ላይ ሦስት ኩባያዎች ተደርድረዋል። ጉንዳን ወርሯቸዋል። መርማሪዋ ጉልበቷን እያማረረች ተንበረከከችና አንድ በአንድ አየቻቸው። በሦስቱም ውስጥ የተጨመቀ ሎሚ አለ፤ በሦስቱም ሥር ያልሟሟ ስኳር። የአንደኛው ስኳር ደርቆ ከኩባያው ጋር ተጣብቋል፣ የሁለተኛው ጣት ይይዛል፣ የሦስተኛው ገና እንደረጠበ ነው።

ቀጥላ መስኮቱን አየች። ክፍት ሲያድር ዝናብ ገብቶበት ደፉ በሙሉ ርሷል። አንድ ክብ ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀርቷል። ባዶውን ብልቃጥ አምጥታ እዚያ ላይ ብታስቀምጠው ልክክ አለ። ሬሳውን ሲመረምር የነበረውን ሐኪም ዞር ብላ ጠየቀችው። ዝናቡ ሲጀምር ልጁ ሞቶ ቀዝቅዞ እንደነበር ነገራት፤ ልቡ ነው የከዳው አለ፣ ካፌይኑ በዝቶበት።

እናቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት። ወሬው ሥራ ላይ ስለደረሳት የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣችው። አላለቀሰችም። ማልቀሱን ለቤት አቆይታው ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች። «ልጄ በገዛ እጁ ነው ወይስ አይደለም? ታናናሾቹ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ገብቼ ምን እላቸዋለሁ?»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠችና ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ምን እንደተነጋገሩ ጠየቀቻት። ትናንት ደውሎ ነበር አለች እናቲቱ። ልቡ እየመታ ስላስቸገረው ክሊኒክ ሄዶ፣ ያን ዱቄትም ቡናውንም ተው ብለውት፣ እሱም እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ፈተናው ሲያልቅ ቤት መጥቼ ሳምንቱን ሙሉ እተኛለሁ፣ ልጆቹን ዝም አሰኚልኝ ብሏት ሳቀ። ኃላፊው ወደ መርማሪዋ ጎንበስ ብሎ «ይሰማሉ? ሕይወት ሰልችቶት ነበር» አላት በሹክሹክታ።

«እንቅልፍ ያማረው ሁሉ ሞት ያማረው ከሆነ» አለች መርማሪዋ፣ «እዚህ ሕንፃ ውስጥ በሕይወት የሚተርፍ የለም።» ከዚያ ወደ እናቲቱ ዞረች። «ሻይ ሲጠጣ ስኳር ስንት ያደርጋል?»

«ምንም። ለታናናሾቹ ይተርፍ ብሎ በልጅነቱ ተወው፤ እንደዚያው ለመደ። አሁን ቢሰጡትም ይገፋዋል።»

ሦስቱን ልጆች በየተራ የማንበቢያው ክፍል አስገባቻቸው። የመጀመሪያው ሌሎቹን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ተራ የሚያወጣው፣ «ሻለቃ» የሚሉት ረጅም ልጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሏል። አሠራራቸውን ጠየቀችው። ባለተራው ብቻውን ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው ማብሰያ ቤት ይሄዳል፣ የሁሉንም ያፈላል፣ ያመጣል፤ የቀሩት ንባብ አያቋርጡም። የዱቄቱ ብልቃጥ የጋራ ነው፣ መስኮት ላይ ነው የሚቀመጠው።

«አምፖል ግን ትቶ ነበር።»

«ትቶ ነበር። ጉንፋንም ይዞት ስለነበር ሎሚ ሻይ ብቻ አምጡልኝ አለን።»

«በተራህ ምን አመጣህለት?»

«ሎሚ ሻይ።»

«ስኳር አድርገህ?»

«አይወድም» አለ ሻለቃ፤ እግሩ ለአፍታ ቆመ።

ሁለተኛው «ጎርፉ» ነው። አንድ ሲጠይቁት አሥር ይመልሳል፤ የዚያን ቀን ደግሞ ዝም ካለ የሚወድቅ ይመስል ያወራ ነበር። አምፖል ትንሽ ልተኛና ጠዋት አስረዳችኋለሁ ማለቱን ነገራት። ጠዋት ግን ማን ያምናል? ባለፈው ፈተና እንደዚያው ብሎ የተኛ የጎረቤት ክፍል ልጅ ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው የነቃው። ደግነቱ አምፖል አልተኛም፤ ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልሶ ይጋደማል። ልቤ ቤቱን ሊለቅ ነው እያለ ይቀልድ ነበር፣ እኛም ጉንፋኑ ነው አልነው አላት። ሻይስ? ሎሚ ሻይ። ስኳርስ? ኧረ እሱ ስኳር መች ይነካል።

ሦስተኛው ሲራመድ የማይሰማው፣ ሲናገርም የማይሰማው «ድመቴ» ነው። የመጨረሻው ተራ የእሱ ነበር። ሎሚ ሻይ ነው ያመጣሁት አለ፣ ወለሉን እያየ። መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀችና እንዲሄድ ፈቀደችለት። በሩን ሊከፍት ሲል አስቆመችው።

«ሲጠጣው መረረኝ አላለህም?»

«ጉንፋኑ ጣዕም አጥፍቶበት ስለነበር አልታወ…»

«ሎሚ ይኮመጥጣል እንጂ መች ይመርራል፣ ልጄ?»

ድመቴ እጀታውን እንደያዘ ቀረ።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሦስቱ በየአልጋቸው ጫፍ፣ ሐኪሙ ጠረጴዛው ጋ፣ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ። እናቲቱ የልጇ አልጋ ላይ ተቀመጠች።

«ከብልቃጡ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ዝናቡ ሲዘንብ ብልቃጡ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ሥሩ ደረቅ የቀረው ለዚያ ነው። ልጁ ደግሞ ከዝናቡ በፊት ሞቷል። የሞተ ሰው ተነስቶ ብልቃጥ ትራሱ ሥር አያስቀምጥም። ስለዚህ በሕይወት ያለ ሰው ነው ያስቀመጠው። እዚህ ክፍል ቀድሞ የሚነሳው የሚቀሰቅሰው ነው።»

ሻለቃ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ልቀሰቅሰው ስነካው ቀዝቅዟል አለ፤ ፈርቶ የተረፈውን ዱቄት ገንዳ ውስጥ ደፍቶ ብልቃጡን ትራሱ ሥር ማድረጉን አልካደም።

«ፈርተህ አንድ እናት ልጄ ራሱን ገደለ ብላ እንድትኖር ፈረድክባት» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አሁን ወደ ኩባያዎቹ። ስኳር በማይጠጣ ልጅ ኩባያ ውስጥ ስኳር እስከማይሟሟ ድረስ የሚጨመረው ምሬት ለመደበቅ ነው። ጉንፋኑ ጣዕም አጥፍቶበታል ብሎ ስኳሩን የተወ አንድም አልነበረም። እንግዲህ ማን ጨመረው አልኩ። አንድ ሰው ቢሆን አንድ ኩባያ ነበር ጉንዳን የሚወርረው። ጉንዳን ግን አድልዎ የለበትም፣ ሦስቱንም ነው የወረረው። ስኳሩ የአንዱ ደርቋል፣ የአንዱ ይጣበቃል፣ የአንዱ እርጥብ ነው፤ በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ ተራ የመጣ ነው። በየተራው ማብሰያ ቤት የሚገባው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የተናገረው ድመቴ ነው።

«እኔ አንድ ማንኪያ ነው ያደረግሁት። እንዳይተኛብን ብዬ።»

ሻለቃ ቀና ብሎ አየው። «እኔም አንድ ማንኪያ ነው።»

«እናንተም?» አለ ጎርፉ በቀስታ። «እኔ ብቻ መስሎኝ…»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባልን ነው ያደግነው። ማንኪያ ቢያብር ምን እንደሚያደርግ የነገረን የለም። ሦስቱም ልጁን ይወዱት ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ሲንቀጠቀጥ አይተው እያንዳንዱ በሆዱ «የኔ ማንኪያ ሠራ» ብሎ ደስ እያለው ወደ ንባቡ ተመለሰ። ጠዋት ደግሞ እያንዳንዱ የገደልኩት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ አፉን ለጎመ። አንዳቸው ለሌላው አንዲት ቃል ተንፍሰው ቢሆን ልጁ ተኝቶ ባደረ፣ ጠዋትም ተነስቶ ባስረዳቸው ነበር።

እናቲቱ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ ፈታችው፤ እንደገና ጠቀለለችው።

«በገዛ እጁ አይደለም» አለች።

«አይደለም» አለች መርማሪዋ።

«እሺ። ይህን ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ታዲያ ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «የትኛው ማንኪያ ነው የገደለው?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። የታመመ ልብ ነው፣ አንዱም ሊበቃው ይችል ነበር፣ ሦስቱም ባይደረቡ ሊተርፍም ይችል ነበር፤ መለየት አይቻልም አላት።

እናቲቱ ሦስቱን ልጆች ተራ በተራ አየቻቸው። ሁሉም የልጇ እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱ ቤቷ መጥተው በልተው ያውቃሉ፣ የድመቴን ሱሪ እሷ ናት ያሳጠረችለት።

«ሦስቱን የምጠላበት አቅም የለኝም» አለቻት መርማሪዋን። «አንዱን ይስጡኝ።»

እትዬ መርፌ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ገዳዩን ሲጠይቃት ስም ስትሰጥ ኖራለች። ለዚህች ሴት የምትሰጠው ስም አልነበራትም። ወለሉን አየች፤ ጉንዳኖቹ ኩባያዎቹ ከተነሱ በኋላም ባዶውን ቦታ እየዞሩ ነበር።

በዚህ መሃል ከግድግዳው ማዶ ማንኪያ ኩባያ ሲመታ ተሰማ። የሚያማስል ሰው ነው። እናቲቱ እሳት እንደፈጃት ብድግ አለች።

«ያንን ልጅ ያስቁሙልኝ።»

መርማሪዋ ወጥታ የጎረቤቱን በር አንኳኳች። ከፈቱላት። አራት ልጆች፣ በምላጭ የተቆረጠ መጽሐፍ፣ መስኮቱ ላይ ነጭ ብልቃጥ። አንደኛው ኩባያውን ከጀርባው ደበቀ። ተቀብላ በመስኮት ደፋችው፣ ብልቃጡን ኪሷ ከተተች፣ ጎረቤታችሁ ዛሬ በዚህ ሞቷል አለቻቸው። ሰምተናል አሏት፤ በጣም አዝነናል፣ ግን ፈተናችን ከሰዓት ነው አሏት፣ በትሕትና።

መርማሪዋ እናቲቱን ደግፋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ሜትሩ ከእናቲቱ ጣት ተፈትቶ ደረጃው ላይ ይጎተታል። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ፣ ከላይ፣ ማንኪያው እንደገና ተሰማ።