ዘጠነኛው ስም

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔም አላምነውም ነበር። ግን የደረሰው በራሴ ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት እጆቼ የነካሁት ነገር ነው።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ሞጣ ነው፤ ጊዜው ኅዳር 1970 ዓ.ም.።

አሁን ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔ እየተናገርኩ ይህን በስልኳ የምትጽፍላችሁ የልጅ ልጄ ናት።

ስሜ ከፋለ ይባላል። ያኔ ቢቸና ተቀምጬ የመሥሪያ ቤቶችን የጽሕፈት መኪና እጠግን ነበር። ከቢቸና እስከ ሞጣ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሰው ጠጋኝ ይለኛል እንጂ ሥራዬ ብዙውን ጊዜ ጽዳት ነው። የጽሕፈት መኪና ቶሎ አይሰበርም። ይቀዘቅዛል። አቧራ ይገባዋል፣ አቧራው ከዘይት ጋር ይጋገራል፣ የተጫኑት ቁልፍ ቶሎ አልመለስ ይላል። በወር አንድ ጊዜ ከፍተህ በብሩሽ ከጠረግኸው፣ ፊደሎቹን በቤንዚን ካጠብህ፣ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ብቻ ካደረግህ... ከአንድ በላይ አይሆንም፣ ትርፍ ዘይት አቧራ ይጠራል... ሥራ ሲያበቃም ልብሱን ካለበስኸው፣ ሃያ ዓመት እንደ አዲስ ይሮጣል።

ይህን ለሁሉም ታይፒስት እነግራለሁ። የምትሰማኝ አንዷ ብቻ ነበረች።

የሞጣዋ ሀብትነሽ።

ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ እጇ ፈጣን። መኪናዋን ስከፍት የምጠርገው ነገር እስከማጣ ድረስ ንጹሕ አድርጋ ትይዘዋለች።

ስለዚህ «የሞጣው መኪና ቀዝቅዟል፣ ባስቸኳይ ና» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ገረመኝ። ከጠረግኩት ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።

ደክሞኝ ነበር። በዚያ ዓመት ያልደከመው ሰው አላውቅም። ቀን ሥራ፣ ከሥራ መልስ ስብሰባ፣ ከስብሰባ መልስ የቀበሌ ጥበቃ። እህል በጫነ መኪና ላይ ወጥቼ፣ በግንደወይን በኩል አቧራ እየጠጣሁ፣ ሞጣ ደረስኩ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ኃላፊው ጓድ ሣህለ ማርያም ይባሉ ነበር። አይቆጡም፣ አይጮኹም። ዓይናቸው እንቅልፍ ካጣ ብዙ ቀን የሆነው ሰው ዓይን ነበር።

«መቼ ነው የጠረግኸው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ ጓድ።»

«በሦስት ሳምንት እንዲህ ይሆናል?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው አሻጥር ነው።»

ያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤቱ አያድርም ነበር።

«ያንተ ይሁን የሌላ ሰው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ትነግረኛለህ» አሉኝና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ሀብትነሽ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መኪናውን ትመለከታለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከስታለች። አልሳቀችልኝም።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

ተነሥታ በሩን ገፋ አደረገችው።

«ጋሼ ከፋለ» አለች በሹክሹክታ። «እባክዎን አይጥረጉት።»

ክዳኑን አነሣሁት።

ግራጫ ነበር። ፊደሎቹ ያሉባቸው ክንዶች ሥር፣ ሞላዎቹ መካከል... ሁሉም ግራጫ። በጣቴ ነካሁት። ልስልስ ያለ ነው። የመንገድ አቧራ አይደለም።

«አመድ ነው?»

«አዎ።»

«ማን ጨመረው?»

«እኔ።»

ወደ በሩ ተመለከትኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ሊገድሉሽ ነው እኮ!»

«ቀስ ይበሉ...»

ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ስም ነው የሚሰጡኝ። የሚያዙ ሰዎች ስም። አንድ ቀን ስምንት ስም ሰጡኝ። ስምንት ጻፍኩ። ወረቀቱን ሳወጣው... ዘጠኝ ነው።»

«ደክሞሽ ተሳስተሽ ይሆናል።»

«አራት ጊዜ ጋሼ? ስምንቱን እጨርሳለሁ። እጄን አነሣለሁ። ቁልፎቹ ግን... መውረዳቸውን አይተዉም።»

ዓይኔ ወደ ቁልፎቹ ሄደ።

«ዘጠነኛው ማን ነበር?»

«መጀመሪያ ወልደ ኪዳን።»

ወልደ ኪዳንን አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ሰው ሲያልፍ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላም ከማለት በቀር ምንም የማያውቅ ሰው።

«ለጓድ ነገርኳቸው» አለች። «ይህን ስም ማንም አልሰጠኝም አልኳቸው። ወረቀቱን አዩት። ‘ተጽፏል’ አሉኝ። በቃ... ተጽፏል። በነጋታው ወሰዱት።»

«አመዱስ?»

«አመድ ሲኖርበት ቁልፉ ይያዛል። ዘጠነኛውን ሳይጨርስ ወረቀቱን እነጥቀዋለሁ። ንጹሕ ሲሆን ግን አልቀድመውም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላመንኳትም። ድካም አእምሮዋን የነካው መሰለኝ። ያመንኩት አመዱን ብቻ ነው። አመዱ ደግሞ ብቻውን ይገድላታል።

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት አልፏል።

«ስሚኝ። ዘይት አልቆብኛል እላቸዋለሁ። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደሽ የስፌት መኪና ዘይት ለምነሽ ልትመጪ ነው። ግን አትመጪም። የመጣሁበት የጭነት መኪና ገበያው ዳር ቆሟል፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይነሣል። ቢቸና ስትደርሺ የከፋለን ቤት ብለሽ ጠይቂ። ለሚስቴ ለሸዋነሽ እኔ እንደላክሁሽ ንገሪያት።»

«እርስዎስ?»

«እኔ መኪና ጠራጊ ነኝ። ምን ያደርጉኛል?»

ሁለታችንም ውሸት መሆኑን እናውቃለን።

የግቢው ዘበኛ አሳለፋት። በመስኮት ስትርቅ አየኋት። አንድ ጊዜም አልዞረችም።

ከዚያ መኪናውን ጠረግኩት። አመዱን በጋዜጣ ሰብስቤ ኪሴ ጨመርኩ። ፊደሎቹን አጠብኩ። የነበረኝን ዘይት በየመገጣጠሚያው ጠብ አደረግኩ። የሚያልፍ ሰው ቢጠይቀኝ ጣራው አፈር አራገፈበት ልል አስቤአለሁ።

ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄጄ እጄን መታጠብ ጀመርኩ። ቤንዚን ቶሎ አይለቅም። ሳሙናውን እያሸሁ ሳለሁ...

ጠቅ።

ጠቅ... ጠቅ።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ውኃው እየፈሰሰ ቆምኩ።

ጓድ ሣህለ ማርያም በረንዳው ላይ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ ብሎ አየሁት።

«ሰማኸው? እንደ ጥንቱ ሆነ!»

«ማን... ማን ነው የሚጽፈው ጓድ?»

«ሀብትነሽ ናት እንጂ ማን ይሆናል? ምን ነበረበት?»

«የጣራ አፈር ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ።

ፈርታ ተመለሰች ብዬ አሰብኩ። ተናደድኩባት። ቦርሳዬ እዚያው ስለቀረ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ሹራብ። እጇ እንደ ድሮው ይሮጣል።

«ለምን ተመለስሽ?» አልኳት ዝቅ አድርጌ።

አልመለሰችልኝም። መጻፏንም አላቆመችም።

ቦርሳዬን ከበሩ ሥር አንሥቼ ወጣሁ። መኪና ያገኘሁት በነጋታው ነው። ቢቸና ስገባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል።

የቤቴን በር ከፈትኩ።

ሀብትነሽ ከሸዋነሽ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«መቼ መጣሽ?» አልኩ።

«ትናንት ነው እንጂ» አለች ሸዋነሽ። «ያው አንተ ባልካት መኪና። ምነው ከሰል መሰልክ?»

ለሁለቱም አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ?

አንድ ወር እኛ ዘንድ ተደበቀች። ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። በዚያ ወር ከሞጣ የጠፋች ታይፒስት አለች ብሎ የጠየቀ የለም። የፈለጋትም የለም። እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

በታኅሣሥ መልእክት መጣ። «መኪናው በጣም ጥሩ ይሠራል። ወርኃዊ ጽዳቱ እንዳያልፈው ና።»

ብቀር ይጠረጥሩኛል። ሄድኩ።

ጓድ ሣህለ ማርያም ራሳቸው ወደ ክፍሉ ወሰዱኝ። ይበልጥ ከስተዋል፤ ሲናገሩ ግድግዳ ይደገፋሉ።

«ይህች ልጅ አትደክምም» አሉኝ። «አንድ ቀን አልቀረችም። ሀብትነሽ! ተነሺለት፣ ይጥረግ።»

መጻፉ ቆመ።

ተነሣች። ወደ እኛ አልዞረችም። ሁለት እርምጃ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቆመች።

ጓድ ምንም አልመሰላቸውም። ከቢሯቸው ስልክ ጮኸ፣ ጥለውኝ ሄዱ።

እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

ክዳኑን አነሣሁት። እንዲህ ያለ ንጽሕና በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። የወር አቧራ የለም። የተቆረጠ የወረቀት ብናኝ የለም። በየመገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አለ። አንድ ብቻ።

ወረቀት ገብቶበታል። አየሁት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት ስም። በሥሩ ዘጠነኛው።

«ሀብትነሽ። ቢቸና፣ ከፋለ ቤት።»

ቀለሙ ገና አልደረቀም።

የጓድ ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማኛል። «እሺ... እሺ ጓድ... አሁን ይላካል» ይላሉ።

ብዙ አላሰብኩም። ወረቀቱን በብረቱ ጠርዝ ላይ አስደግፌ የታችኛውን ጫፍ ቀደድኩት። የጣት ውፍረት ያህል ናት። ኪሴን በር ላይ ቢፈትሹትስ? አፌ ውስጥ ጨመርኳት።

ስምንቱን ግን ተውኳቸው።

ሙሉውን ወረቀት መብላት እችል ነበር እያልኩ አርባ ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ። በእጅ የተጻፈው ዋናው ዝርዝር በጓድ እጅ ነበር፣ ባጠፋውም ለውጥ አልነበረውም እላለሁ። እውነት ነው። ግን አያሳርፈኝም። የስምንቱን ስም እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ቤተሰቦቻቸው በሕይወት ስላሉ እዚህ አልጠራቸውም።

ሀብትነሽ ተረፈች። ከቢቸና ወደ ደጀን ወስደን ዘመድ ዘንድ አስጠጋናት። እዚያው አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ለመንገደኛ አልጋ እያከራየች ኖረች። ያረፈችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሞጣን ዳግመኛ አልረገጠችም። እዚያ ስላየሁት ነገር እስከ ዕለተ ሞቷ አልነገርኳትም። ኑሮዋን ማን ያደፈርስባታል? እኔም ከዚያ ወር በኋላ ታመምኩ ብዬ ሥራውን ለቀቅኩ።

ስለ ስምንቱ ማልቀስ ችያለሁ። ስለ ራሴ ፍርሃት ንስሐ አባቴን አነጋግሬአለሁ። አንድ ነገር ግን ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ።

ወረቀቷን እያኘክሁ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ቦርሳዬን ያዝኩ። ቀለሙ ይመርራል። ምራቄ ደርቆ አልወርድ አለኝ። እንደምንም ዋጥኳት።

በሩ ላይ ስደርስ ዞርኩ።

እንደቆመች ናት። ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ እጆቿ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። የመስኮቱ ብርሃን ስላረፈበት የጉንጯ ጠርዝ ብቻ ይታየኛል።

ጉንጯ ይንቀሳቀሳል።

ታኝካለች።

የእኔ አፍ ባዶ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ... ቀስ ብላ... ገና ታኝክ ነበር።