ብርቅነሽ የበላችው ንግግር

አመለሸጋ ነጋሳን የወደደችው በድምፁ ነው። ከጊንጪ ወደ አምቦ የሚሄደው አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ተሳፋሪው ሲነጫነጭ፣ እሱ የቆየ ጋዜጣ ጮክ ብሎ እያነበበ አሳቃቸው። ያን ዕለት ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ በዓመቱ ተጋቡ።

ይኸው በ1978 ዓ.ም. የማርች ስምንት በዓል ላይ የእርሻ ቢሮ ሠራተኛው ነጋሳ አምቦ ላይ የቀበሌውን አዳራሽ በዚያው ድምፁ ሞልቶታል። ርዕሱ የሴቶች እኩልነት ነው። ሚስቱ ደግሞ የአሥራ አንድ ወር ልጃቸውን ብርቅነሽን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች፤ ልጅቷ ስታለቅስ ትወጣለች፣ ዝም ስትል ትገባለች። ነጋሳ ደግ ሰው ነው። ልጅ ስታለቅስ ግን «አመልዬ!» ብሎ ከመጣራት ሌላ ነገር አያውቅም።

መምህርት አመለሸጋ ለዲፕሎማ የክረምት ኮርስ ተመርጣለች፤ ሁለት ወር አዲስ አበባ። ለነጋሳ ስትነግረው «ልጅቷስ?» አላት። ያች አንዲት ቃል አንጀቷን አቃጠለቻት። ነገ ጠዋት ለዳይሬክተሩ መልስ መስጠት አለባት፤ አልሄድም ልትል ወስናለች።

«እህቶቻችን እንዳይማሩ አንገታቸው ላይ የተጫነውን ቀንበር...» አለ ነጋሳ ከመድረኩ።

አመለሸጋ ምን እንደነካት አታውቅም። በወንበሮቹ መካከል ቀጥ ብላ ሄደች፣ ልጅቷን አስታቀፈችውና ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከወለደች ወዲህ ስብሰባ ላይ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ የተቀመጡት አዛውንት ኦቦ ገቢሳ «አንተ ነጋሳ! ከመቼ ወዲህ እናት ሆንክ?» ብለው ጮኹ።

ነጋሳን ላብ አጠመቀው። ብርቅነሽ የንግግሩን ወረቀት ቀምታ ወደ አፏ ከተተችው። ሚስቱን አየ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብድግ ብላ ትቀበለው ነበር፤ አሁን ግን ከወንበሯ አልተነቃነቀችም።

«ኦቦ ገቢሳ፣ እናትማ አላት» አለ በመጨረሻ። «ያጣችው አባት ነው። ንግግሩን በልታብኛለችና እዚህ ላይ ይብቃኝ።»

ነጋሳ ሸሚዙ በላብ እንደረጠበ ልጅቷን ትከሻው ላይ አስተኛት፤ ባልና ሚስቱ በሁሉቃ ድልድይ በኩል ወደ ቤት አዘገሙ።

«ተቆጣህ?»

«አፈርኩ። ነገ ምን ልትዪ ነው?»

«አልሄድም ልል ነበር።»

«ትሄጃለሽ። የሥራ ፈቃዴን ክረምት ላይ እወስዳለሁ። እናቴንም አልጠራም፤ ገንፎ አሠራሩን ብቻ አሳዪኝ።»

«የሽንት ጨርቅ ማጠቡንስ?»

ነጋሳ ቆም አለ። ፊቱ ትንሽ ተጨማደደ።

«እሱንም» አለ።

ሳቋ አመለጣት። እንደ ልማዷ ልጅቷን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

«ተያት፣ ተኝታለች» አላት።

መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል። አመለሸጋ ግድ አልሰጣትም፤ ባዶ እጇን በባሏ ክንድ ውስጥ አስገባችና አብራው ሄደች።